የተንቀሳቃሽ ቤቷ የሞተ ሶኬት፦ ከጢጣ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

የፍሪጁ ሶኬት ከሐሙስ ጀምሮ አይሠራም ተባልኩ። ቤቷ ድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ ቢሮ የነበረች ተንቀሳቃሽ ቤት ናት፤ ከውጭ ላሜራ፣ መሀሉ ፎም፣ ከውስጥ ችፑድ፣ ከሥር የብረት ሻሲ። አጎቴ በጨረታ ገዝተው ከኮምቦልቻ በሎቤድ አስጫኗት፣ የሐረጎን ዳገት አስወጥተው ደሴ አጠገብ ጢጣ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ብሎኬት ላይ አሳረፏት። አሁን ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴሎች ያቀርቡባታል።

ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት ጠየቅኩ። ሌላ ምን አብሮ ሞተ? የአልጋው ራስጌ ሶኬት። መብራቶቹስ? ሁሉም ይበራሉ። በሩ አጠገብ ያለው ሶኬት? ይሠራል፣ ስልክ ይሞላበታል። የምጣዱስ? «እሱማ ደህና ነው፣ ዛሬም ጋግሬበታለሁ።» የፍሪጁ ሲጠፋ ምን ተሰክቶ ነበር? ምጣዱ። ሽታ ነበረ? ትንሽ አሰቡና «የላስቲክ ሽታ ነገር ሸትቶኝ ነበር፤ ጎረቤት ቆሻሻ ሲያቃጥል ነው ብዬ ተውኩት» አሉ።

ይህ ጥያቄ የሥራው ግማሽ ነው። ሁለት ሶኬቶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ሁለቱም ተበላሽተዋል ማለት ዘበት ነው፤ ሁለቱንም የሚመግበው መንገድ አንድ ቦታ ተቋርጧል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ሶኬቶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሽቦው ከቦርዱ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን በወረቀት ሣልኩ፦ ቦርድ፣ በር፣ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ራስጌ። ብልሽቱ ከምጣዱ እስከ ፍሪጁ ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

ልወጣ ስል እትዬ በሩን ይዘው «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዝናብ ሲጥል ይሄ እጀታ ይነዝረኛል» አሉኝ። ከሶኬቱ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። በባዶ እግር እንዳይነኩት፣ ልጆቹም በዝናብ ጊዜ በላሜራው እንዳይደገፉ ነግሬ፣ ለነገ ሁለት ሥራ ያዝኩ።

እሁድ ጠዋት፤ ቦርዱ

የያዝኩት ዕቃ፦ ቴስተር (ከረንት ያለበትን ሲነካ የሚበራ መሞከሪያ)፣ መልቲሜትር፣ እጀታቸው የተሸፈነ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ የራስ ባትሪ፣ እና የሙከራ አምፖል። የሙከራ አምፖሉ 40 ዋት የድሮ አምፖል ከነማቀፊያው፣ ሁለት ሽቦ የወጣለት ነው። ቴስተርና መልቲሜትር ሲያታልሉ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብሬከሩን ነበር። የቦርዱን ክዳን ፈታሁ። ለመብራት 10 አምፔር፣ ለሶኬት 16 አምፔር ብሬከር አለ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ብሎኖቻቸውም ጠበቅ ብለዋል። ነገር ግን ከዋናው ማብሪያ ቀጥሎ የተቀመጠው አርሲዲ (ከረንት ሲሾልክ የሚቆርጠው መከላከያ) በስሙ ብቻ ነው የቆመው። የሚገቡትና የሚወጡት ሽቦዎች ከውስጡ ተነቅለው ከጀርባው ፌዝ (ከረንት የሚያመጣው ሽቦ) ከፌዝ፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) ከኒውትራል ተጠምዘው በናስትሮ ታስረዋል። ከዚህ በፊት አንድ ሰው «እየጠለፈ (እየቆረጠ) አስቸገረ» ብሎ ዘሎታል ማለት ነው። እትዬን ጠየቅኩ፤ ቤቷ ከመጣች ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለሙያ መጥቶ «አሁን አያስቸግርዎትም» ብሎ እንደሄደ አስታወሱ።

አርሲዲ የሚሠራው ቀላል ስሌት ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ከረንት እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከደረሰ የሆነ ቦታ፣ ምናልባት በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ብሎ ይቆርጣል። እየደጋገመ የሚቆርጥ አርሲዲ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሌላ ነገር ነው። ይህንን በማስታወሻዬ ጻፍኩና ወደ ሶኬቱ ተመለስኩ።

እሁድ ረፋድ፤ ሁለቱም ቀዳዳ ሲበራ

የራስጌውን ሶኬት በቴስተር ነካሁ። በአንዱ ቀዳዳ በራ። በሌላውም በራ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው «ሁለት ፌዝ ገብቶበታል» ይላል። ነጠላ ፌዝ በገባበት ቤት ግን ይህ ምልክት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚያሳየው የኒውትራል መቋረጥን ነው። ፍሪጁ በሞተው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነበር። ፌዙ ይመጣል፣ በፍሪጁ ሞተር ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ኒውትራሉ ሽቦ ይወጣል፣ ግን መመለሻው ተቆርጧልና እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ኒውትራሉም 220 ቮልት ይሸከማል። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ጠፋ። ተረጋገጠ።

ከዚህ የሚወሰድ የደኅንነት ነገር አለ። ኒውትራሉ በተቋረጠበት መስመር ላይ «ሶኬቱ ሞቷል» ብሎ እጅ ማስገባት ከሚሠራ ሶኬት ጋር ከመታገል አይሻልም። ምንም ዕቃ አይሠራበትም፣ ሁለቱም ሽቦ ግን ይገድላል።

መልቲሜትሩን በሁለቱ ቀዳዳዎች ከተትኩ፤ 70 ቮልት ገደማ አሳየ፣ ይዋዥቃል። ግማሽ ቮልቴጅ መጣ ማለት አይደለም። ዲጂታል ሜትር በጣም ትንሽ ከረንት ስለሚወስድ፣ ጎን ለጎን ከሚሄደው የፌዝ ሽቦ በአየር የተላለፈውን እንኳ ይቆጥራል። የሙከራ አምፖሉን ሳገናኝ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ፣ አምፖሉም አልበራም። ለዚህ ነው አምፖሉን የምይዘው።

ከዚያ ፌዙን ከኧርዙ፣ ማለትም የሾለከ ከረንት ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ ጋር ለካሁ። 220 አካባቢ ማሳየት ሲገባው 126 ብሎ ተንቀጠቀጠ። የሶኬቱ ኧርዝ ከሻሲው ጋር እንደተገናኘ አይቻለሁ፤ ሻሲው ራሱ ግን ከመሬት ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። የእጀታው ነገር መልሱን እያገኘ ነው።

እሁድ ከቀትር በኋላ፤ የሚሠራውን መፍታት

የሞተውን ሶኬት መፍታት የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ፈታሁት፣ ንጹሕ ነው። ሦስቱም ሽቦ በቦታው ነው፣ ብሎኑ ጠንክሯል። ኮምቦልቻ ያሉ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ጋ ደወልኩና ያየሁትን ነገርኳቸው። «ምን የሞተውን ትፈታለህ? ከእሱ በፊት ያለውን፣ ደህና ነው ያሉህን ፍታ» አሉኝ። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ነበር፤ ከእሳቸው ሲመጣ ግን ልቤ ረጋ።

ዋናውን አጠፋሁ፣ ማንም እንዳያበራው ማብሪያውን በናስትሮ ሸፈንኩት። ከመንካቴ በፊት ቴስተሩን በውጭ በሚሠራ የቤታቸው ሶኬት ሞከርኩ፣ ከዚያ እዚህ ሞከርኩ፣ ከዚያ ተመልሼ በሚሠራው ደገምኩ። ቴስተሩ ራሱ መሀል ላይ ቢበላሽ «ጠፍቷል» ብሎ ስለሚያሳስት ሁለተኛው ሙከራ አይዘለልም።

የምጣዱን ሶኬት ፈታሁ። ሣጥን የለውም። ችፑዱ ላይ ቀዳዳ ተበጅቶ ሶኬቱ በሁለት ብሎን ተይዟል፣ ከጀርባው በቀጥታ ፎም ነው። የኒውትራሉ ብሎን በጣት ሲነካ ይዞራል። በዚያ አንድ ብሎን ሥር ሁለት ሰማያዊ ሽቦ ገብቷል፤ አንዱ ከበሩ የሚመጣ፣ አንዱ ወደ ፍሪጁ የሚሄድ። የሚመጣው ላዩ ጠቁሮ አሁንም ተይዟል። የሚሄደው ሽፋኑ ከሰማያዊ ወደ ቡናማ ተለውጦ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባበረ፣ መዳቡም ከሽፋኑ ጫፍ ላይ ተበጥሷል። በችፑዱ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው የከሰል ቀለበት፣ ከጀርባው ፎሙ ቀልጦ ወደ ኋላ የሸሸ ጉድጓድ። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ያ የላስቲክ ሽታ!» አሉና አፋቸውን ያዙ።

አጎቴ ቆመው ሲያዩ «በብሎን መላላት ብቻ?» አሉ። አዎ። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። የላላው ግንኙነት 0.2 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው፣ 16 በ16 በ0.2 ሲባዛ 51 ዋት ሙቀት በአንዲት ብሎን ላይ ይወጣል። እሱም ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ፎም አጠገብ። ብሬከሩ ይህንን አያይም፤ ከረንቱ ከ16 አላለፈማ። ብሎኑ የላላውም በሐረጎ መንገድ መንገጫገጭ ሊሆን ይችላል፣ በየቀኑ ሞቆ መቀዝቀዝም ያላላል። ተንቀሳቃሽ ቤት ከተጓዘ በኋላ እያንዳንዱ ብሎን እንደገና መጥበቅ ነበረበት።

አንድ ነገር ደግሞ አረጋገጥኩ፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅኩት። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ነው፣ መዳብ ነው። ይህንን ማየቴ በምክንያት ነው። በአሜሪካ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ብዙዎቹ በአልሙኒየም ሽቦ የተዘረጉ ነበሩ፤ መዳብ ተወድዶ ነበርና። አልሙኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ በብሎን ሥር እየተጨፈለቀ ይላላል፣ ላዩ ላይ የሚይዘው ሽፋንም ከረንት አያሳልፍም፤ በዚህም ብዙ ሶኬት ተቃጥሏል። እዚያ ለእነዚህ ቤቶች አገር አቀፍ የአሠራር ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 1976 ነው። የእኛ ዕድል መዳብ ሆነ፤ መጠኑም 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው።

ሰኞ፤ ገበያ

ደሴ ወርጄ ዕቃ ገዛሁ። ሰኞ ስለሆነ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባጃጅ እንኳ አያልፍም። ሶኬት ከነሣጥኑ 350 ብር፤ ሁለት ወሰድኩ። ሽቦ ማገናኛ ቴርሚናል 120። አርሲዲ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር፣ 3,800 ብር፤ ከሁሉም ገንዘብ የበላው እሱ ነው። አሮጌው ሊሠራ ይችል ይሆናል፣ ነገር ግን ዕድሜውንና የደረሰበትን ስለማላውቅ የሰው ሕይወት አላስይዝበትም። በመዳብ የተለበጠ 1.5 ሜትር የኧርዝ ዘንግ ከነማሰሪያው 1,600። ቢጫ አረንጓዴ 6 ካሬ ሽቦ፣ 8 ሜትር፣ 1,700 ብር።

ሽቦ ሲገዛ ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሱቅ በርካሽ ያቀረበልኝን ጫፉን ስፍቀው ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ በመዳብ የተቀባ አልሙኒየም። በእጅም ይታወቃል፣ ጥቅሉ ይቀላል። ለምጣድ መስመር እንዲህ ያለውን መዘርጋት ያው የተቃጠለውን ሶኬት መልሶ መግዛት ነው።

ማክሰኞ፤ ሶኬቱ ተመለሰ

የተቃጠለውን ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪመጣ ቆረጥኩት፤ ጠቁሮ የቀረ መዳብ በደንብ አይያያዝም። ከዚያ ግን አጠረ፣ ወደ ሶኬቱ አይደርስም። ግድግዳውን ከመቅደድ ይልቅ ከችፑዱ ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ሣጥን ሰቀልኩ፣ በዙሪያው የቀለጠውን ፎም በቢላ ፍቄ አወጣሁ።

ሁለት ሽቦ በአንድ ብሎን መጨቆኑን አልደገምኩትም። የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰማያዊ በቴርሚናል አገናኘሁና ከዚያ አንድ አጭር ጭራ ብቻ ወደ ሶኬቱ አወጣሁ። ፌዙንም ኧርዙንም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ ይህ ሶኬት ቢላላ ራሱ ብቻ ይሞታል፣ ከኋላው ያሉትን ይዞ አይሄድም። ትንሽ ሽቦ ይጨምራል፣ ትንሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋ አለው።

አበራሁ። በፍሪጁ ሶኬት 214 ቮልት፣ በሙከራ አምፖሉ ሥርም 212፣ አምፖሉ ቦግ አለ። የኒውትራሉ ቀዳዳ ቴስተር አያበራም። ፍሪጁ ተነሣ። እትዬ «አልሐምዱሊላህ! በል ና፣ አቦል ደርሷል» አሉ። ቡናውን ጠጣሁ፤ ወሬው ግን ስለ እጀታው ሆነ።

አጎቴ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። እውነት ነው፣ የተጠራሁበት አልቋል። ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። በላሜራ ቤት ግን ሶኬቱ ስለሠራ ብቻ መሄድ አይቻልም። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲነካ አይነዝርም፤ ይህች ቤት ግን ግድግዳዋ፣ በሯ፣ ወለሏ፣ የመስኮት ፍሬሟ በሙሉ አንድ ብረት ነው። አንድ ዕቃ አንድ ቦታ ላይ ካፈሰሰ ቤቱ በሙሉ ያፈሳል።

ማክሰኞ አመሻሽ፤ እጀታው

አንድ ፌሮ ቤቱ ጀርባ እርጥብ መሬት ውስጥ ሰክቼ መልቲሜትሩን በፌሮውና በሻሲው መካከል አደረግኩ። ምንም ሳይሰካ፦ 3 ቮልት። ፍሪጁ ሲሰካ፦ 5። ቴሌቪዥኑ፦ 9። ምጣዱ ሲሰካና ሲበራ፦ 94 ቮልት። ነቀልኩት፣ ወረደ። መልሼ ሰካሁት፣ 94።

ያገኘሁት ይህ ነው። ምጣዱ በጠርዙ ሊጥ እየፈሰሰበት ውስጡ ርሷል። ከሚያሞቀው ጥቅል ሽቦ ወደ ምጣዱ ብረት ሽፋን ከረንት ይሾልካል፣ ሽፋኑ በኧርዝ ሽቦ ከሻሲው ጋር ተገናኝቷል፣ ሻሲው ደግሞ ብሎኬት ላይ እንጂ መሬት ላይ አይደለም። ስለዚህ ከረንቱ መውጫ እስኪያገኝ ቤቱ ላይ ይቀመጣል። መውጫው በዝናብ ቀን እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ እጀታውን የያዘ ሰው ነው።

ረቡዕ፤ ኧርዝ

ዘንጉን የት ልቅበረው? የዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበትን ጥግ መረጥኩ፣ በበጋም እርጥበት አያጣም። በግማሹ ላይ ድንጋይ ያዘው፤ ነቅዬ ክንድ ያህል ፈቀቅ አድርጌ እንደገና መታሁት፣ ገባ። አጎቴ ጨው እንጨምርበት አሉ። ጨው መሬቱን ለጊዜው ያሻሽለዋል፣ መዳቡን ግን ይበላል፣ ዝናብም ያጥበዋል፤ ተውነው።

ከዘንጉ ወደ ሻሲው በ6 ካሬ ሽቦ ሄድኩ። የሻሲውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፣ ቀዳዳ በስቼ በብሎንና ጥርስ ባለው ሮንዴላ አሰርኩ፣ ከላይ እንዳይዝግ ግሪስ ቀባሁት። ከዚያው ወደ ቦርዱ የኧርዝ መጋጠሚያ ሌላ ሽቦ አስገባሁ። በሩ በማጠፊያ ብቻ ስለተያዘ፣ ማጠፊያውም ቀለም ስለተቀባ፣ ከበሩ ወደ ፍሬሙ ተጣጣፊ ሽቦ ጨመርኩ።

ዘንግ ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። የዚህ ዓይነት አንድ ዘንግ ተቃውሞ 50 ኦም ነው ብንል፣ ፌዝ በቀጥታ ሻሲውን ቢነካ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ይፈሳል። 16 አምፔር ብሬከር ለዚህ ንቅንቅ አይልም፤ ቤቱ ነዝሮ ይውላል። አርሲዲው ግን 0.03 አምፔር ላይ ይቆርጣል። አርሲዲ ያለ ዘንግ ደግሞ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ነው ሥራ የሚሆነው።

አዲሱን አርሲዲ ገጠምኩ፣ በናስትሮ የታሰረውን ድልድይ አፈረስኩ። የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ጠለፈ። ይህ ቁልፍ የሚሞክረው መሣሪያውን ብቻ ነው፣ ዘንጉ ይኑር አይኑር አያውቅም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ የ40 ዋት አምፖሌን ከፌዝ ወደ ሶኬቱ ኧርዝ አገናኘሁ። አምፖሉ ሳይበራ ቆረጠው። በእያንዳንዱ ሶኬት ደገምኩት።

ሐሙስ ጠዋት፤ ክርክር

በማለዳ ተደወለልኝ። ምጣዱ ሲሰካ አርሲዲው ይጠልፋል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፣ ሆቴሎቹም እንጀራ ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ በሞቴ፣ ያቺን ነገር ለዛሬ ብቻ እንደ ድሮው አድርግልኝና ልጋግር» አሉኝ እትዬ። ምስኪን፣ የዕለት ገቢያቸው ነው። ግን እንዲህ ባለች «ለዛሬ ብቻ» ነበር አሮጌው የተዘለለው።

በቃል ከምከራከር ላሳያቸው መረጥኩ። የዘንጉን ሽቦ ከሻሲው ላይ ለጊዜው ፈታሁ፣ የምጣዱን ሽፋን ከሻሲው ጋር አገናኝቼ ምጣዱን አርሲዲ ከሌለበት ከአጎቴ ዋና ቤት በተሳበ ሽቦ አበራሁ፣ ማንም ቤቷን እንዳይነካ አድርጌ አንዲት 5 ዋት የኤልኢዲ አምፖል አንዱን ሽቦ ከበሩ እጀታ፣ ሌላውን ከፌሮው አገናኘሁ። አምፖሏ ደብዘዝ ብላ በራች። እትዬ እጀታውን አዩ፣ አምፖሏን አዩ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ የቆመውን የልጅ ልጃቸውን ሳብ አድርገው ወደ ራሳቸው አስጠጉት። «ንቀለው» አሉ። ሁሉንም ነቅዬ የዘንጉን ሽቦ ወደ ቦታው መለስኩ። «አብሽሩ እትዬ፣ ምጣዱን እናክመዋለን» አልኳቸው። ሊጡ ጎረቤት ተጋገረ።

ምጣዱን ለካሁት። ከመሰኪያው ጥርስ እስከ ብረት ሽፋኑ 8 ኪሎ ኦም። 220 ለ8,000 ሲካፈል 27 ሚሊ አምፔር ገደማ። አርሲዲ ከ30 በታች፣ ከግማሹ ጀምሮ ሊቆርጥ ይችላል፤ ስለዚህ አልተሳሳተም። መልቲሜትር የሚለካው በባትሪው ትንሽ ቮልት በመሆኑ በ220 ሲሆን ከዚህም ሊብስ ይችላል። ፀሐይ ወጣ ባለችበት ሰዓት ከሥሩ ክዳኑን ከፍተን አደረቅነው፤ ወደ 60 ኪሎ ኦም ወጣ፣ አርሲዲውም ያዘ። አርብ ጠዋት ግን ጥቂት እንጀራ ሳይጋገርበት መልሶ ጠለፈ። ውስጡ የገባው ሊጥ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ እንደገና ከረንት ያሳልፋል።

ቅዳሜ

ደሴ ምጣድ የሚሠሩ ሰው ጋ ወሰድነው። የጠቆረውን ሽፋን አንሥተው ጥቅል ሽቦውን በሙሉ ቀየሩ፣ የሸክላው ጠርዝ የተሰነጠቀበትንም ደፈኑ። የእሳቸው ሥራ 1,200 ብር። ሲመለስ ከጥርሱ እስከ ሽፋኑ ለካሁ፤ መልቲሜትሩ ማንበብ እስከሚችለው ድረስ ምንም አያሳይም። ሰካሁት፣ አርሲዲው ዝም አለ። በሻሲውና በፌሮው መካከል 0.4 ቮልት። ጠብቀን፣ ዝናብ ሲጥል፣ እጀታውን በጀርባ እጄ ነካሁት፤ ብረት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

እስካሁን የወጣው ከምጣዱ ጥገና ጋር 9,120 ብር ነው፤ የእኔ ጉልበት ሳይታሰብ። ሶኬቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ 470 ብር ይበቃ ነበር። አጎቴ ሒሳቡን ሲያዩ ምንም አላሉም፣ የገዙት ሁለተኛው ሶኬት የት ነው ብለው ብቻ ጠየቁ፤ የበሩ አጠገብ ያለውም ሣጥን ስለሌለው እሱ ላይ ገባ፣ የእሱም ብሎን መላላት ጀምሮ ነበር።

የቀረው

ምጣዱ አሁንም ከሌሎቹ ጋር በአንድ 16 አምፔር መስመር ላይ ነው፣ እሱ ሲሠራ ለሌላው ምንም አይተርፍም። ከቦርዱ ለብቻው በ4 ካሬ ሽቦ፣ በ20 አምፔር ብሬከር መውጣት አለበት፤ መጨረሻው ላይም ሶኬት ሳይሆን በቀጥታ የሚታሰር ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚያጠፋ ማብሪያ ይሁን። የሶኬትና የጥርሱ ግንኙነት በየቀኑ ለሰዓታት 16 አምፔር እየተሸከመ አይዘልቅም። ሽቦው 11 ሜትር ይፈልጋል፣ በላሜራው ጠርዝ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ ማስገባት አለብኝ። እስከዚያ እትዬ ምጣዱ ሲሠራ ፍሪጁን ይነቅላሉ፤ በየወሩም የአርሲዲውን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ቦርዱ ላይ በማርከር ጽፌላቸዋለሁ። ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ዘንጉን እንደገና በአምፖል እሞክራለሁ፤ አርሲዲው ካልቆረጠ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመራል።